ጫፉ የተቀባ ብረት

ባለቁልፉ የአማቹን፣ የእህቱን ባል፣ ቦርሳ እየበረበረ ጆሮው ግን ውጭ ካለው ቧንቧ ላይ ነበር። ውሃው እስከፈሰሰ ድረስ ሰውየው እጁን እየታጠበ ነው፤ ከቆመ ግን ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ በሩ ላይ ይደርሳል።

በጋዜጣ የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ ሜትር፣ ጓደኛው የጠፋ የሕፃን ካልሲ። ሌላ ምንም የለም። የብረት ነጋዴ ስልክ ቁጥር የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ የተሸሸገ ነገር የለም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አላማረውም። ንጹሕ ሰው ቦርሳው ውስጥ አንድ የሚያሳፍር ነገር አያጣም፤ እንዲህ የሚጸዳው ቀድሞ የተጠነቀቀ ሰው ቦርሳ ነው።

ውሃው ቆመ።

"ምን ጠፋብህ ጌታው?" አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

ቅባቱ ነው፤ ቶርኖው ላይ ብረት የሚጠርበው ሽማግሌ። ስሙን ያገኘው ከቱታው ነው፤ ከዘይት ብዛት ቱታው ብቻውን መቆም ይችላል ይባላል።

"እስክሪብቶ" አለ ባለቁልፉ።

"እስክሪብቶህ ደረት ኪስህ ላይ ነው።"

"ሌላ እስክሪብቶ።"

"አሃ። ሌላውን የልጁ ካልሲ ውስጥ ነዋ የምታስቀምጠው።"

ባለቁልፉ ቦርሳውን ወደ ቦታው ገፍቶ ቀና ሲል አማቹ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ገባ። በወርክሾፑ ውስጥ ሁሉም ዲፕሎማው ይሉታል፤ እሱ በሌለበት በሹፈት፣ እሱ ባለበት ደግሞ በአክብሮት አስመስለው። የባለቁልፉ ዓይን ፊቱን አልፎ ወደ ጫማው ወረደ። ጥቁሩ ጫማ ላይ የነጭ ቀለም ጠብታ ነበር። አንድ አይደለም፤ ብዙ።

"ጋሼ፣ ተቆጣጣሪዋ ደረሰች እንዴ?" አለ ዲፕሎማው።

"ትደርሳለች። ምነው፣ ቸኮልክ?"

"አይ፣ እንድንዘጋጅ ብዬ ነው።"

"አንተ መቼም ከተዘጋጀህ ቆይተሃል" አለው፤ የቁልፍ ዘለላውን በጭብጡ አፍኖ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ። ባለቁልፉ ያሰኘው ይኸው ዘለላ ነው። የዕቃ ቤቱ፣ የቢሮው፣ የመሳቢያዎቹ፣ የሽንት ቤቱ ቁልፍ ሳይቀር ከወገቡ አይለይም። ሲራመድ እየተንሿሿ የት እንዳለ ለሰው ሁሉ ስለሚናገርበት፣ ሰው ላይ ድንገት መድረስ ሲያምረው በእጁ ጭብጥ አድርጎ ይሄዳል። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ጭብጥ እንዳደረገው ነው።

ነገሩ የመጣው ጠዋት በስልክ ነው። ቤቱ የሞተር ዕቃ ይሠራል፤ ዋናው እንጀራው የፒስተን ስፒና ነው። ስፒና ማለት ፒስተኑን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው፣ ውፍረቱ አውራ ጣት የሚያህል ብረት ነው። ሞተር በዞረ ቁጥር ዱላውን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። ብረቱ ተራ ከሆነ ይጎብጣል፣ ውሎ አድሮም ይሰበራል፤ ከተሰበረ ክንዱ የሞተሩን ሆድ ቀዶ ይወጣል። ዘንድሮ ታዲያ አዲስ ደንብ መጣ። ለሞተር ዕቃ የሚውል ብረት በሙሉ የጥራት ማረጋገጫ ካልወጣለት ከእሱ የተሠራው ዕቃ አይሸጥም። ትልቁ ደንበኛቸው የአውቶቡስ ድርጅቱም ከቀነ ገደቡ በኋላ ማረጋገጫ የሌለው ስፒና ከበሬ እንዳይደርስ ብሏል። ያ ደንበኛ ከሄደ ይህ ቤት የበር ማጠፊያ ሲሠራ ኖሮ ይዘጋል። ስለዚህ አመለከቱ፤ ናሙና ተወሰደ። ዛሬ ጠዋት ላቦራቶሪው መልሱን ነገራቸው። ወረቀታችሁ ላይ ያለው ክሮም ያለበት ጠንካራ ብረት ነው፣ የላካችሁት ግን ተራ ለስላሳ ብረት ነው፤ ተቆጣጣሪ ስለምትመጣ ዕቃ ቤቱን ማንም እንዳይነካ፣ አለ።

ናሙናውን ቆርጦ የሰጠው ዲፕሎማው ነው። የጥራት ኃላፊ ተብሎ የተመዘገበውም እሱ ነው። ባለቁልፉ ይህቺን ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ነው የዋጣት፤ እስከ ዛሬ ጉሮሮው ላይ አለች። ደንቡ ኃላፊው የተማረ ይሁን ይላል፤ እሱ ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው። ሰንፎ አይደለም። አባታቸው ሲሞት ቶርኖው ላይ የሚቆም ሰው ጠፍቶ ነው። ታናሽ እህቱን ያስተማራት እሱ ነው። እሷም እሱ ላቡን ጠብ አድርጎ በከፈለበት ኮሌጅ ይህን ሰውዬ አገኘችው፤ ባሌ ነው ብላ ይዛው መጣች። ባለቁልፉ ሲያስበው ዲፕሎማውን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ ቤቱ ያስገባው ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጨበጠው የማን እጅ እንደሆነ አንድም ቀን ሳያስተውል አላለፈም።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገብቶ የእጅ ባትሪውን አበራ። ክብ ብረቶቹ በሁለቱ መደርደሪያዎች ላይ ተጋድመዋል። ጥሩው ከላይ፣ ተራው ከታች፤ እንዲህ ነው የሚያስቀምጠው። ጫፋቸው ሁሉ ነጭ ነው፤ ከላይኛው መደርደሪያ ናሙናውና ያለፈው ሳምንት ሥራ የተቆረጠባቸው ብቻ አንጸባራቂ ፊታቸውን አውጥተዋል።

የነጩን ነገር ከራሱ በስተቀር የሚያውቅ የለም። ዓምና አንድ ዘንግ ጥሩ ብረት ጎደለ። ቅባቱ ድሮውንም ጎድሎ ነው የገባው አለ፤ ዲፕሎማው ሠርተንበት ይሆናል አለ፤ እህቱ ደግሞ ለአንድ ብረት ይህን ያህል አታካብድ አለችው። ባለቁልፉ አላካበደም። አንድ እሑድ ብቻውን መጥቶ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ የብረቶቹን ሁሉ ሁለቱንም ጫፍ ነጭ ቀባ። ጥሩውንም ተራውንም፣ ከበፊቱ የነበረባቸውን ቀለም ሳይለይ። ሰርቆ የቆረጠ ሰው ካለ ጫፉ ራቁቱን ይቀራል፤ ያን ጊዜ ይያዛል። ራሱ ሲቆርጥ የቆረጠውን ጫፍ መልሶ ይቀባል። ለማንም አልተነፈሰም፤ ወጥመድ ከተነገረ ምኑ ወጥመድ ነው? ለሠራተኛም ብረት የሚያወጣው እሱ፣ የሚሰጠውም እሱ ስለነበር ወጥመዱ ማንንም አላስቸገረም።

ከዚያ ወገቡ ያዘውና አልጋ ላይ ጣለው። እህቱ ቁልፉን ስጠኝ ስትለው ዘለላውን አልሰጣትም፤ የዕቃ ቤቱን ብቻ ፈትቶ ሰጣት። ተሽሎት የተመለሰው ትናንት ነው።

ባትሪውን ወደ ግድግዳው ሲያዞር ደነገጠ። ግድግዳው አዲስ ነጭ ሆኗል።

"ያምራል አይደል?" አለች እህቱ ከበሩ። የቢሮውን ሥራ የምትሠራው እሷ ናት።

"ማነው የቀባው?"

"ባሌ ነዋ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቆሻሻ እንዳይባል ብሎ። ለቀቢ ከምንከፍል እኔ እቀባዋለሁ አለ።"

"ነጭ?"

"ታዲያ ጥቁር ይቀባው?"

"ብረቶቹስ ያን ጊዜ የት ነበሩ?"

"ግቢ አውጥተናቸው ነበር።"

"ሁሉንም? ማን ጠበቃቸው?"

"ሰማዩ" አለችው። "ምን ሆነሃል ወንድሜ? ብረት እኮ ነው፣ ዶሮ አይደለም።"

"ለምን አልጠየቃችሁኝም?"

"ደጋግመን ደወልንልህ። አላነሳህም።"

እውነት ነው፤ አላነሳም። የዲፕሎማው ስም ስልኩ ላይ እየበራ ሲጠፋ አልጋው ላይ ሆኖ ያየው ነበር። መሞቴንና አለመሞቴን ሊያጣራ ነው ብሎ ትቶት ነው።

"ተኝቼ ነበር" አላት።

አሁን ሁሉም ነገር ገጠመለት። ብረቶቹ ግቢ ይወጣሉ፤ መኪና ይመጣል፤ ጥሩው ተጭኖ ተራው ይወርዳል፤ ጫፉ ነጭ ይቀባል፤ ግድግዳውም አብሮ ይቀባል፣ ጫማ ላይ ያለውን ጠብታ ማንም እንዳይጠይቅ። የተማረ ሰው ሲሰርቅ እንዲህ ነው የሚሰርቀው፤ አጥቦና አሰማምሮ። እህቱን ከጎኑ አያት። ታውቃለች? ባሌ ስትል አፏን ሞልታ ነው። ታውቅ ይሆናል።

ተቆጣጣሪዋ የመጣችው ረፋዱ ላይ ነው። ልጅ እግር ናት፤ ተረከዝ የሌለው ጫማ አድርጋለች፤ ጥርሷን አታሳይም። እህቱ ሻይ ስታቀርብላት "አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም" አለች። ባለቁልፉ ይህንንም በልቡ ያዘው። ሻይ የማይጠጣ ተቆጣጣሪ ወይ ሌላ ነገር ይጠብቃል፣ ወይ ሊያጠፋህ ቆርጦ ነው የመጣው።

ዕቃ ቤቱ በር ላይ ጠጋ ብሎ "ልጄ፣ ለብቻሽ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ" አላት።

"ሁሉም ባሉበት ይንገሩኝ።"

"ሰው ፊት የማይነገር ቢሆንስ?"

"እንግዲያው እኔም የማልሰማው ነገር ነው" አለችና አልፋው ገባች።

ቅባቱ ከኋላ ሳቁን በሳል ደበቀ። ባለቁልፉ ደሙ ፈላ። በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሠራተኛው ፊት! ያን ጊዜ ቀስ ብሎ ሊያወጣው ያሰበው ነገር እንዳለ ወጣ።

"እንግዲያው ይስሙት! እኔ ታምሜ ስተኛ እዚህ ቤት ውስጥ ጥሩ ብረት ነው ትቼ የሄድኩት። ስመለስ ብረቱ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። በመሃል የሆነውን ኃላፊ የተባለውን ይጠይቁ።" በአገጩ ወደ ዲፕሎማው ጠቆመ።

"ወንድሜ!" አለች እህቱ።

"ምን አልኩ? ይጠየቅ ነው ያልኩት።"

ዲፕሎማው ቀላ፤ መነጽሩን አወለቀና መልሶ አደረገው። "ጋሼ፣ እኔ አንድም ብረት ከዚህ አላወጣሁም። ግቢ አወጣናቸው፣ ግድግዳው ሲደርቅ መለስናቸው። ይኸው ነው።"

ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ የብረቶቹን ጫፍ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው እያየች ሄደች። ከዚያ ዞራ በሌላኛው ወገን አየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጦ ነበር።

"የፋብሪካው ቀለም የታለ?"

እርስ በርስ ተያዩ።

"አስመጪው በሰጣችሁ ወረቀት ላይ የጠንካራው ብረት ጫፍ ሰማያዊ፣ የተራው ቀይ ነው ይላል። ብረት ከብረት በዓይን አይለይም፤ ለዚህ ነው አንዱ ጫፉ የሚቀባው። ሲቆረጥም ካልተቀባው ወገን ነው፤ ቀለሙ እስከ መጨረሻ እንዲቆይ። እዚህ ግን አዲስ ከተቆረጠው ፊት በቀር ሁሉም ነጭ ነው። በሁለቱም ጫፍ።"

ባለቁልፉ ወገቡ እንደገና የያዘው መሰለው። ያ ሰማያዊና ያ ቀይ! እሱ የአስመጪው ዘበኛ ለቆጠራ የሚቀባው ነበር የሚመስለው። ብረቱን የሚያውቀው በመደርደሪያው ነው፤ የሚቆርጠውም ለበሩ ከቀረበው ጫፍ ነው። ማንም ስለ ቀለሙ አልነገረውም። እሱም ጠይቆ አያውቅም። መጠየቅ አለማወቅን ማሳየት ነው፤ ለዚያ ሰውዬ ደግሞ አለማወቁን ከሚያሳይ ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል። ዲፕሎማውም በፊናው ጋሼ ያውቀዋል ብሎ አልተናገረም።

"እኔ ነጭ ሆኖ ሳገኘው አስመጪው ቀለም የለወጠ መስሎኝ ነበር" አለ ዲፕሎማው። "ልጠይቅ ደወልኩ፤ ጋሼ ታሞ አላነሳም። ግቢ ተደባልቀው ስለነበር ስንመልስ እንግዲህ ዝገት ያልያዘው ጥሩው ይሆናል ብዬ ወደ ላይ አደረግሁት። ናሙናውንም ከዚያ ነው የቆረጥኩት። መገመት አልነበረብኝም፤ ጥፋት ነው።"

"እሱን በኋላ እናየዋለን" አለች። "አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ነጩን ማን ቀባው?"

ዓይኗ ወደ ታች ወርዶ የዲፕሎማው ጫማ ላይ ቆመ። የሁሉም ዓይን ተከተላት።

ዲፕሎማው ጫማውን አየ። ቀጥሎ ሚስቱን አየ። መጨረሻ ላይ ባለቁልፉን አየው፤ ለረጅም ጊዜ አይደለም፤ ግን ባለቁልፉ ገባው። ቁልፉ ማን ጋ እንደነበረ ለማወቅ ዲፕሎማ አያስፈልግም። ሰውየው ደርሶበታል። አሁን ይናገራል።

"የጥራት ኃላፊው እኔ ነኝ" አለ ዲፕሎማው። "ኃላፊነቱ የኔ ነው።"

"ኃላፊነት አልጠየቅኩም። ማን እንደቀባው ነው የጠየቅኩት።"

"ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ነው የምልዎት።"

"ለምን አይናገርም?" አለ ባለቁልፉ በልቡ። "ምን ሊያተርፍ? ውለታ ሊያስቆጥርብኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ላመሰግነው። ወይስ እህቴ ፊት ጻድቅ ሊመስል ነው?" ሁሉንም አገላብጦ ሲያይ ደግሞ ሌላ ነገር ታየው። እሱ ምንም ማድረግ አያስፈልገውም። ዝም ማለት ብቻ ነው። ሰውየው በራሱ አፍ ኃላፊነቱን ወስዷል፤ ጫማው ይመሰክርበታል። ስሙ ከወረቀቱ ይሰረዛል። ከዚህ ቤት በራሱ እግር ይወጣል። ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቶታል!

"ደግሞ መቼ እንደተቀባ ማወቅ አለብኝ" አለች ተቆጣጣሪዋ። "ማንና መቼ የሚለው ካልታወቀ ሆን ተብሎ ምልክት ጠፍቷል ብዬ ነው የምጽፈው። ማመልከቻችሁ ይዘጋል። ዘንድሮ ከዚህ ቤት የወጣ ስፒና በሙሉ ከየሞተሩ ይወጣል፤ የትኛው ከየትኛው ብረት እንደተሠራ የሚነግረኝ ስለሌለ።"

"በሙሉ?" አለች እህቱ። ግድግዳውን ተደገፈች፤ ቀለሙ ገና እንደሚለቅ እንኳን አላስታወሰችም።

ቅባቱ ኮፍያውን አወለቀ። ከጠዋት ጀምሮ የቀለደ ሰው ድምፁ ጠፍቶበት ነበር። "እመቤቴ፣ ያለፈው ሳምንት ሥራ ከላይኛው መደርደሪያ ነው የተቆረጠው። እኔ ነኝ ቶርኖው ላይ ያወጣሁት። ሲቆረጥ ለስላሳ መሆኑ ገርሞኝ ነበር፤ ምላጩን ስለቀየርን ነው ብዬ አለፍኩት። ስፒናው ለአውቶቡስ ድርጅቱ ተሰጥቷል። አውቶቡስ ላይ ገብቷል።"

"የትኞቹ አውቶቡሶች ላይ?"

"እሱን ጋራዡ ነው የሚያውቀው። የሚሠሩት ላይ ነዋ። ሰው በሚጭኑት ላይ።"

ባለቁልፉ ቀና ብሎ አልተመለከተም። ግን ዓይኑ ውስጥ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ የሚወርድ ሙሉ አውቶቡስ፣ እናቶች፣ ተማሪዎች፣ ከሥሩ ደግሞ ቀስ በቀስ የሚጎብጥ ብረት። ከመታመሙ በፊት የተቆረጠው ሁሉ ደህና ነው፤ በእጁ አውጥቶ፣ ከትክክለኛው መደርደሪያ፣ ራሱ ነው የሰጠው። ችግር ያለበት ያለፈው ሳምንት ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ ደግሞ ከእሱ በስተቀር በዓለም ላይ አንድ ሰው የለም።

የሥራ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሞረድ አነሳ። ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄዶ አንዱን ብረት ጫፉን ያዘና ነጩን ይፍቅ ጀመር። አራቱም ተጠግተው አዩት። ቀለሙ እንደ አመድ ረገፈ፤ ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ።

ቀጠለ። ከታች አንዱን ፋቀ፤ ሰማያዊ። ከጎኑ ያለውን ፋቀ፤ ቀይ። ሌላውን በሁለቱም ጫፍ ሲፍቅ ምንም አልወጣም፤ ባዶ ብረት ነው።

"ይኸው" አለ ጀርባውን እንደሰጣቸው። "ጥሩው አልተሸጠም። ተደባልቆ ነው። ይሄኛው ባዶው ቀለም ያለበት ጫፉ በፊት ተቆርጦ ያለቀ ነው፤ እሱ በምርመራ ካልሆነ አይለይም።"

"እንዴት አወቁ?"

"እኔ ነኝ የቀባሁት።"

ሞረዱን አስቀመጠ። እጁ ነጭ ሆኖ ነበር።

"ዓምና ነው፤ ይሄ ሰውዬ ግድግዳውን ሳይቀባ ብዙ ቀድሞ። እስከታመምኩ ድረስ ብረት የማወጣው እኔ ስለሆንኩ ምንም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ያለፈው ሳምንት ነው፤ እሱ ብቻ።"

ተቆጣጣሪዋ ጻፈች። "ለምን ቀቡት?"

"ዝገት እንዳይበላው።"

"ጫፉን ብቻ?"

ቅባቱ እንኳን አልሳቀም። ባለቁልፉ እጁ ላይ ያለውን ነጭ ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ከቀለሙ ይከብድ ነበር።

"ሰው ቆርጦ ቢወስድ እንዲታወቀኝ ነው።"

"የትኛው ሰው?"

"እዚህ ያለው።"

"ማለት?"

"እነሱ ናቸዋ!" አለ። "ይሰርቁኛል ብዬ ነው። እሱ ይሰርቀኛል ብዬ። ቅባቱም።"

እህቱ ከግድግዳው ተላቀቀች። ትከሻዋ ላይ ነጭ ታትሟል።

"እኔም?"

"አንቺም" አላት።

 ቀስ ብላ፣ "ታመህ ሾርባ ሳመጣልህ ቀምሰሽ ስጪኝ ያልከኝ ለዚህ ነው? እኔ ደግሞ ትኩስ መሆኑን ለማየት መስሎኝ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ምላሱ ይቃጠልበታል እያልኩ..." አለችና አልጨረሰችውም።

ባለቁልፉ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ፈለገ፤ በየዞረበት አንድ ሰው ቆሟል።

"ይህን የነገሩኝን ፈርመው ይሰጡኛል" አለች ተቆጣጣሪዋ። ድምፅዋ አልለሰለሰም፤ ግን አልጠነከረም። "ማመልከቻው አይዘጋም። ማጭበርበር ሳይሆን ምልክት በስህተት ማጥፋት ነው የሚባለው፤ ቅጣት ግን አለው። ምርመራው ከዜሮ ይጀመራል። እያንዳንዱ ዘንግ ለየብቻ ይቆረጣል፣ ለየብቻ ይመረመራል፤ ውጤቱ እስኪመጣ አንድም ስፒና እዚህ አይሠራም። ቀነ ገደቡ ላይ ትደርሱ እንደሆነ እኔ ቃል አልገባም። ያለፈው ሳምንት ስፒና ደግሞ ዛሬውኑ ከአውቶቡሶቹ ይውጣ። ማን ይሄዳል?"

የጋራዡን አለቃ ሁሉም ያውቁታል። ስፒና ሲቀበል እንኳን የሚሳደብ ሰው ነው።

"እኔ እሄዳለሁ" አለ ዲፕሎማው። "ተመዝግቦ ያለው የኔ ስም ነው። የገመትኩትም እኔ ነኝ።"

ባለቁልፉ ያቺ አጥንት ጉሮሮው ላይ ስትንቀሳቀስ ተሰማችው። ይሄዳል። የጋራዡ አለቃ ወንበር ይስብለታል። ምን ይለዋል? "የኛ ሽማግሌ እኮ ጤና የለውም፣ ሰባተኛ ክፍል ነው ያቆመው፣ ምን ይደረግ" ይለዋል። ይስቃሉ። ከእንግዲህ በዚያ ጋራዥ በር ሲያልፍ መካኒኮቹ ቀለም እያሉ ይጠሩታል። አብሮት መሄድ አለበት። ከፊት ወንበር ተቀምጦ የሚወጣውን እያንዳንዱን ቃል መስማት አለበት። ለወትሮው ቢሆን ይህን እስኪያስብ ድረስ መኪናው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ዲፕሎማው ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አመነታ።

"ጋሼ" አለ። "ምን ልበላቸው?"

እህቱ አየችው። ቅባቱም አየው። ተቆጣጣሪዋ ጽሑፏ ላይ ብታቀረቅርም እስክሪብቶዋ ቆሞ ነበር። ባለቁልፉ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ብዙ መልስ ነበረው፤ አስመጪው ተሳስቶ ነው በላቸው፤ ሠራተኛ አደባልቆት ነው በላቸው፤ ለጥንቃቄ ያህል ነው በላቸው። ሁሉም እምላሱ ጫፍ ላይ ነበሩ።

"ያየኸውን ንገራቸው" አለው። "የሰማኸውንም።"

"ሁሉንም?"

"ይሰርቁኛል ብዬ ነው ያልኩትንም። አለዚያ አያምኑህም፤ አውቶቡሶቹን አያቆሙም።"

ዲፕሎማው ራሱን ነቀነቀና ወጣ። መኪናው ግቢ ውስጥ ተነሳ። ባለቁልፉ በየቀኑ እንደሚያደርገው ወደ በሩ ሄዶ ሰውየው በየትኛው መንገድ እንደታጠፈ አላየም። ከመደርደሪያው ላይኛውን ዘንግ ለምርመራው ሊያወርድ በአንድ ጫፉ አነሳ፤ ወገቡ ከብዶት ቆም አለ።

"ያን ጫፍ ያዢልኝ" አላት እህቱን።

ወዲያው አልመጣችም። እሱም ብረቱን እንደያዘ፣ ዞር ብሎ ሳያያት፣ ጠበቃት።